ተራራ በፊደል ተራ

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ሌክ ዲስትሪክት የሚባል፣ ሐይቅና ተራራ ተጠጋግተው የሚኖሩበት አገር አለ። እዚያ ተራራ የሚወጣ ሰው እንደ ዳዊት ከጉያው የማይለየው የመጻሕፍት ስብስብም አለ። ሰባት ቅጽ ነው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1955፣ የመጨረሻው በ1966 ታተመ። ታሪክ የለበትም፣ ገጸ ባሕርይ የለበትም፣ ከዳር እስከ ዳር ቁጭ ብሎ የሚያነበውም ብዙ አይደለም። 214 ተራሮችን አንድ በአንድ እየወሰደ በየት እንደሚወጡ፣ ጫፋቸው ላይ ምን እንዳለ፣ ከዚያ ሆኖ ምን እንደሚታይ የሚናገር የመንገድ መሪ ነው፤ በቃ። ይህ "በቃ" የተባለ ነገር ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ደራሲው አልፍሬድ ዌይንራይት ከሞተ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህም መጻሕፍቱ አልሞቱም።

ይህን ስብስብ እንደ ሥነ ጽሑፍ ላየው እፈልጋለሁ። "የመንገድ መሪ ደሞ ከመቼ ጀምሮ ነው ሥነ ጽሑፍ የሆነው?" የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ ግን ጥያቄው ለኛ ትርፍ ጥያቄ አይመስለኝም። አገራችን ከላይ እስከ ታች ዳገትና ቁልቁለት ነው። በጽሑፋችን ውስጥ ግን ተራራው አንድም ምሽግ ነው፣ አንድም ገዳም ነው፣ አንድም ሽፍታ የሚሸሸግበት ዱር ነው። ሰው ጠዋት ተነስቶ፣ በሸንተረሩ ላይ ዞሮ፣ ማታ የተነሳበት ቦታ የሚመለስበት፣ በዚያ መሃል ያየውን ብቻ የሚናገርበት ጽሑፍ ልማዳችን አይደለም። ስለዚህ ይህን ዓይነት ጽሑፍ ሙያ ካደረገው ሰው ምን እንደምንወስድና ምን እንደምንተው ማሰብ ይጠቅማል።

የድንጋይ ጠራቢው ልጅ

ዌይንራይት እ.ኤ.አ. በ1907 ብላክበርን በምትባል የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ተወለደ። አባቱ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ልጁ በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ የማዘጋጃ ቤት ተላላኪ ሆነ፤ ቀስ በቀስ የሂሳብ ሙያ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1930፣ በ23 ዓመቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሐይቆቹን አገር አየ። ከዚያ በኋላ ሌላ አገር አላማረውም። ወደ ኬንዳል ተዛውሮ የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት የገንዘብ ኃላፊ እስከ መሆን ደረሰ። በሳምንቱ መጨረሻ በአውቶቡስ እየሄደ ተራራ ይወጣል፤ በሥራ ቀናት ማታ ማታ ቁጭ ብሎ ይጽፋል፣ ይስላል። መኪና አይነዳም ነበር። ይህች ትንሽ ነገር በመጻሕፍቱ ቅርጽ ላይ እንዳለችበት በኋላ እናያለን።

ገጾቹን የሚያይ አማርኛ አንባቢ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ቁም ጸሐፊ ነው። መጽሐፉ በማተሚያ ቤት ፊደል አልተለቀመም፤ ፊደሉም፣ ካርታውም፣ ሥዕሉም በሙሉ በእጁ በቀለም የተሠራ ነው። የሚታወቅ ነገር አለ፦ የመጀመሪያውን ቅጽ መቶ ያህል ገጽ ከጻፈ በኋላ የመስመሮቹ የቀኝ ጠርዝ እኩል ስላልሆነ ደስ አላለውም፤ ጣለውና ሁሉንም ከሀ ጀመረ። ብራና ላይ የሚጽፉ አባቶቻችን ይህን ሰው ባዩት "የኛ ነው" ይሉት ነበር። መስመር ማስተካከል ለነሱ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ለሚጻፈው ነገር ያለ ክብር ነው።

አጻጻፉም እንደዚያው ነው። ዌይንራይት "ውብ" ብሎ አያልፍም። በሰሜኑ በኩል ገደል ካለ ገደል አለ ይላል፤ ውሃው በበጋ የሚደርቅ ከሆነ ያስጠነቅቃል፤ ተራራው አሰልቺ ከሆነ አሰልቺ ነው ብሎ ይገላግልሃል። ቁጡ ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ አንዳንዴ ነጭናጫ ሽማግሌ ይሆናል። በጥቂት ገጾች ላይ ራሱን ስሎታል፤ ጀርባውን ሰጥቶን ነው የቆመው፤ ፊቱ ወደ ተራራው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የመጀመሪያው ቅጽ 35 ተራሮች አሉት፤ የተደረደሩትም በፊደል ተራ ነው። ጎረቤት የሆኑ ተራሮች በመጽሐፉ ውስጥ ጎረቤት አይደሉም። በሸንተረር የተያያዙ ሁለት ጫፎች መሃል ማዶ ለማዶ የማይተያዩ አምስት ስድስት ተራሮች ሊገቡባቸው ይችላሉ። መዝገበ ቃላት እንዲህ ነው፤ አገር ግን እንዲህ አይደለም። እንግዲህ በቀለበት መንገድ የሚሄድ ሰው ይህን መጽሐፍ ሲያነብ ጣቱን በየገጹ እየሰካ ወዲያና ወዲህ ይገልጣል። መንገዱን የሚሰፋው አንባቢው ነው። እኔ የዌይንራይት ትልቁ የፈጠራ ሥራ ይህ ይመስለኛል፤ አስቦበት ይሁን የሂሳብ ሠራተኛ አመሉ ሆኖበት ግድ የለኝም። መዝገቡን ሰጠህ፤ አረፍተ ነገሩን ግን በእግርህ ሥራ አለህ።

ካቡን ይዞ ወደ ላይ

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ፌርፊልድ ነው። ከአምብልሳይድ ከተማ ወደ ሰሜን የሚወጣ ሸንተረር አለ፤ ጫፍ ላይ ደርሶ በምዕራብ በኩል በሌላ ሸንተረር ይመለሳል። ከላይ ሲታይ የፈረስ ኮቴ ብረት ይመስላል፤ ስሙም እንደዚያው ነው። በእግር ሲሄዱት ቅደም ተከተሉ ሎው ፓይክ፣ ሃይ ፓይክ፣ ደቭ ክራግ፣ ሃርት ክራግ፣ ፌርፊልድ፣ ግሬት ሪግ፣ ሄረን ፓይክ፣ ናብ ስካር ነው። በመጽሐፉ የእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ግን ደቭ ክራግ ይቀድማል፣ ፌርፊልድ ይከተላል፤ መጀመሪያ የሚረገጡት ሃይ ፓይክና ሎው ፓይክ ወደ መጨረሻው ተጠግተው ይገኛሉ። ስምንት ጫፍ፣ ወደ 17 ኪሎ ሜትር፣ ስድስት ሰባት ሰዓት። ከፍተኛው ፌርፊልድ ራሱ 873 ሜትር ብቻ ነው። አዲስ አበባ የቤቷ ደጃፍ ላይ ቆማ ከዚህ እጥፍ በላይ ትረዝማለች፤ እና እንጦጦ ያደገ ሰው በቁጥሩ ቢስቅ አይፈረድበትም። ግን ዳገት በቁጥር አይለካም፤ ከባሕር ጠለል አጠገብ ተነስቶ የሚወጣ ሰው እያንዳንዷን ሜትር በጉልበቱ ይከፍላል።

መንገዱን የሄድኩት በግንቦት፣ ደመናው አንዴ እየወረደ አንዴ እየተገፈፈ ባለበት ቀን ነው። ከሎው ፓይክ ጀምሮ በሸንተረሩ አናት ላይ የድንጋይ ካብ አብሮ ይወጣል። ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተጠላልፎ ቆሟል። ጭጋግ ሲወርድ ተጓዡ ይህን ካብ እንደ መሪ ገመድ ይከተለዋል፤ እስከ ደቭ ክራግ አናት ድረስ አይጥልም። ካቡ ካለቀ በኋላ ነው ነገሩ የሚከብደው። የፌርፊልድ አናት ጠፍጣፋና ሰፊ ነው፤ የድንጋይ ክምር ምልክቱ በዝቶ እርስ በርሱ ያምታታል፤ በሰሜን በኩል ደግሞ ገደል አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ዌይንራይት በጭጋግ ቀን ስለዚህ አናት ያለው ጥንቃቄ ሁሉ ትክክል ነው። እዚያ ቦታ ላይ ጥሩ ፕሮዝ ማለት የሰው ነፍስ የሚያድን ፕሮዝ ነው።

የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ጉዞ አንድ ልዩ ነገር አለው፤ ሌላ መንገድ ይህን አይሰጥም። ጠዋት በምሥራቁ ሸንተረር ስትወጣ ከሸለቆው ማዶ የምዕራቡን ሸንተረር ታያለህ፤ ከሰዓት በኋላ የምትሆንበት ቦታ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በግሬት ሪግ ጀርባ እየወረድክ ወደ ማዶ ስታይ የጠዋቱን ካብ ታያለህ፤ እንደ ክር ቀጥኖ። ገና ያልኖርከውን ከሰዓት ታየዋለህ፣ የኖርከውን ጠዋት መልሰህ ታየዋለህ። በሄደበት መንገድ የሚመለስ ሰው ይህን አያገኝም፤ ቀጥ ብሎ ከአገር ወደ አገር የሚሻገርም አያገኝም። የቀን ቅርጽ በዓይን የሚታይበት መንገድ ነው። "ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት" የሚለው ተረታችን በሁለት መስመር የሚለውን ይህ ሸንተረር በሰባት ሰዓት ይለዋል።

የአውቶቡሱ ነገር እዚህ ይመጣል። መኪና የሌለው ሰው ማታ አውቶቡስ ወደሚገኝበት ከተማ መመለስ አለበት። የቀለበት መንገድ የሠራተኛ ሰው መንገድ ነው፤ ሰኞ ቢሮ መግባት ያለበት ሰው መንገድ። በዌይንራይት ገጾች ላይ የሚታየው ጥድፊያ የሌለው፣ ግን ጊዜ የማያባክን አካሄድ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ከላይ ያለው ነፃነት ከታች ባለው የሰዓት ሰሌዳ የታጠረ ነው፤ ውበቱም ከዚያ ነው።

ማዶ ማን አለ?

አድናቆቴ እዚህ ድረስ ነው። አሁን ቅሬታዬ።

ዌይንራይት ብቸኝነትን ይወዳል፤ ስለወደደም ተራራውን ባዶ አድርጎ ጻፈው። ካቡን ይወዳል፣ የካቡን ሙያ ያደንቃል፤ የድንጋይ ጠራቢ ልጅ ነውና እንዴት አያደንቅ። ግን ካቡ በገጹ ላይ የሚቆመው እንደ ተራራው አካል ነው፤ ልክ እንደ ዓለቱ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በእነዚያ ከፍታዎች ላይ ያሉት አብዛኞቹ ረጃጅም ካቦች የተገነቡት በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ የጋራ የነበረው ግጦሽ በሕግ እየተከለለ ለባለመሬቶች በተሰጠበት ጊዜ ነው። ዛሬ ተጓዡን ከጭጋግ የሚያወጣው ካብ ትናንት የደሃውን በግ ከሣር ያስወጣ ካብ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ጥሩ የመንገድ መሪ አንዱን ብቻ ነገረን።

መውጣቱ ራሱም በነፃ የተገኘ አይደለም። ናብ ስካር ከሚባለው የመጨረሻ ጫፍ ስትወርድ ከግርጌው ራይዳል ማውንት የሚባል ቤት አለ፤ ገጣሚው ዊሊያም ወርድስወርዝ እ.ኤ.አ. ከ1813 ጀምሮ በ1850 እስኪሞት የኖረበት ነው። እሱም ለአገሩ የመንገድ መሪ ጽፏል። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1844 ባቡር ወደ ዊንደርሚር ሊገባ ነው ሲባል በጋዜጣ ተከራክሮ ተቃወመ። ከተቃወመባቸው ነገሮች አንዱ ከፋብሪካ ከተሞች በባቡር ተጭኖ የሚመጣው ሠራተኛ ሕዝብ ነበር፤ እንዲህ በጅምላ መጥቶ ከዚህ ውበት ብዙም አይጠቀምም ባይ ነው። ባቡሩ በ1847 ገባ። ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ ከነዚያ የፋብሪካ ከተሞች አንዷ ዌይንራይትን ላከች። ገጣሚው የፈራው ሰው መጣ፤ መጣና ያን አገር ከማንም በላይ በጥንቃቄ ጻፈው። ከዚህ የተሻለ መልስ ለወርድስወርዝ የሰጠ የለም።

ከሐይቆቹ አገር ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ኪንደር ስካውት የሚባል ከፍታ አለ። እዚያ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1932 በመቶዎች የሚቆጠሩ ተጓዦች፣ ብዙዎቹ የማንችስተር ወጣት ሠራተኞች፣ የባለመሬቶችን ክልከላ ጥሰው ወጡ፤ አምስቱ ታሰሩ። የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ የወጣው ከዚያ 17 ዓመት በኋላ በ1949 ነው፤ ሌክ ዲስትሪክት በ1951 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ዌይንራይት ከዓመት በኋላ ሥራውን ሲጀምር የተከፈተለት በር በሌሎች ትከሻ የተገፋ ነው። እሱ ግን ከሰው ሸሽቶ ነው የወጣው፤ ሰው በገጹ ውስጥ እንዲገባበት አልፈለገም። ጸሐፊን አልፈለገም ብዬ አልከስም። መጽሐፉ የሚከፍለውን ዋጋ ግን መናገር የሐያሲ ሥራ ነው።

ዋጋው በመሬቱም ላይ ታየ። የብቸኝነት መጽሐፍ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ሲሸጥ ብቸኝነቱ የት ይቀራል? 214ቱን ጫፎች አንድ በአንድ እየሰረዙ መጨረስ ስፖርት ሆነ፤ ጫፎቹም በደራሲው ስም "ዌይንራይቶች" ተባሉ። እግር በበዛባቸው ዳገቶች ላይ አፈሩ ተሸረሸረ፤ ዛሬ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ድንጋይ እያነጠፉ ይጠግኑታል። መጻሕፍቱም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሌላ ሰው እጅ መታረም ነበረባቸው፤ መሬቱ ላይ ያለው መንገድ ከተጻፈው ጋር አልገጥም እያለ ነው። አንባቢዎቹ በእግራቸው መልሰው የጻፉት መጽሐፍ፣ እኔ እስከማውቀው፣ ብዙ የለም።

ለዚህ ሁሉ ማስተያያ የሚሆን ሌላ መጽሐፍ አለ። ናን ሼፐርድ የተባለች የስኮትላንድ መምህርትና ደራሲ ስለ ኬርንጎርም ተራሮች የጻፈችው ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ገደማ ተጽፎ ሠላሳ ዓመት ያህል በመሳቢያ ውስጥ ተኝቶ እ.ኤ.አ. በ1977 ታተመ። ሕያው ተራራ ልንለው እንችላለን። ሼፐርድ በፊደል ተራም፣ በጫፍ ተራም አትሄድም። ምዕራፎቿ ውሃ፣ ውርጭና በረዶ፣ አየርና ብርሃን፣ ዕፅዋት፣ አእዋፍና እንስሳት፣ ሰው፣ እንቅልፍ እያሉ ይሄዳሉ። "ሰው" የሚል ምዕራፍ አለ፤ ልብ በሉልኝ። በዚያ ተራራ ሥር የሚያርሱ፣ እንግዳ የሚያሳድሩ፣ በረዶ የሚያግዳቸው ሰዎች እንደ ውሃውና እንደ ወፉ የተራራው ሕይወት ሆነው ይገባሉ። ጫፍ ላይ መድረስ ለሷ ዋና ነገር አይደለም፤ ወደ ተራራው ውስጥ መግባት ነው። እንዳጋጣሚ ሼፐርድ ማለት እረኛ ማለት ነው።

ለዳገቱ ዌይንራይትን እመርጣለሁ፤ በጭጋግ ውስጥ ሼፐርድ መንገድ አታሳይህም። ለተራራው ግን ሼፐርድን። ችግሩ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ያነበበ ይመስለዋል።

አንድ ጉባኤ፣ ሁለት ተራራ

ይህ የአጻጻፍ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባቆምኩ ነበር። ግን ተራራን ሰው እንዳለበት ወይም እንደሌለበት አድርጎ መጻፍ ከወረቀት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በፖላንድ ክራኮው ተሰብስቦ ነበር። በዚያ አንድ ጉባኤ ላይ ሁለት ውሳኔዎች ተላለፉ። ሌክ ዲስትሪክት የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ከ1996 ጀምሮ ከነበረበት "አደጋ ላይ ያለ ቅርስ" መዝገብ ወጣ።

እንኳን ደስ ያለን፤ ግን ምክንያቶቹን ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው። ሌክ ዲስትሪክት የተመዘገበው እንደ ባህላዊ መልክዓ ምድር ነው። በጉ፣ እረኛው፣ ካቡ፣ የከፍታው ግጦሽ፣ ይህ ለዘመናት የቆየ የገበሬ ኑሮ የቅርሱ አካል ነው ተብሎ ነው። ስሜን ከአደጋ መዝገብ የወጣው ከሌሎች ነገሮች ጋር በፓርኩ ውስጥ የሰውና የከብት ጫና ስለቀነሰ ነው፤ ከዚህም ዋናው የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ መስፈራቸው ነበር። በአንዱ ተራራ እረኛው ቅርስ ነው፤ በሌላው ተራራ እረኛው አደጋ ነው።

ለመሐላ አልቸኩልም። የዋልያና የቀይ ቀበሮ ነገር ቀልድ አይደለም፤ ዋልያ ከስሜን በቀር በዱር የሚገኝበት አገር የለም፤ የግጭ ሜዳም በግጦሽ ተራቁቶ ነበር። በእንግሊዝም ቢሆን በጎቹ ተራራውን ዛፍ አልባ አድርገውታል ብለው የሚከራከሩ አሉ። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ስለሁለቱ ተራሮች የተጻፈው ይለያያል። የእንግሊዙ ተራራ እረኛ ሁለት መቶ ዓመት ሲጻፍለት፣ ሲገጠምለት፣ ሲሳልለት ኖሯል፤ ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ ምስክር ሞልቶታል። የግጭ ገብስ አራሽ ግን ኮሚቴው ፊት የቀረበው እንደ ቁጥር ነው፤ የአባወራ ብዛት፣ የከብት ብዛት። የስሙ፣ የማሳው፣ የመንገዱ መጽሐፍ አልነበረውም። ያልተጻፈ ሰው ከካርታ ላይ ለመነሳት ይቀለዋል።

ከግጭ ካምፕ ተነስቶ እሜት ጎጎ ደርሶ፣ በሳሃ በኩል በአፋፉ ዞሮ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል። እሜት ጎጎ 3926 ሜትር ነው፤ ሦስት አቅጣጫው ገደል። ይህ ከዓለም ታላላቅ የአንድ ቀን ዙሮች አንዱ ነው ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። በውጭ ቋንቋ የተጻፉት የመንገድ መሪዎች ሰዓቱን፣ ከፍታውን፣ ጭላዳውን ይነግሩሃል። ጠብመንጃ ይዞ አብሮህ የሚሄደው ስካውት፣ በቅሎ የሚጭነው ሰው፣ ምግብ የሚያበስለው ሰው ግን የዋጋ ዝርዝር ውስጥ ነው የሚገኙት። እነዚህ ሰዎች ያንን ገደል በስም ያውቁታል፤ የትኛው ጥግ ላይ ማን እንደወደቀ፣ የትኛው መስክ የማን እንደነበር ያውቃሉ። ፓርኩ ስካውት ይዘህ ካልሄድክ አያስገባህም፤ ማለትም በስሜን ብቻህን መሄድ በሕግ አይቻልም። ዌይንራይት ቢሆን በዚህ ይበሳጭ ነበር። ለአማርኛ ጸሐፊ ግን ይህ ሲሳይ ነው፤ ጨዋታው ከጎንህ እየሄደ ነው፣ ቋንቋውም ያንተው ነው።

በኛ ቃል

ታዲያ የኛስ ጽሑፍ? ስለ ተራሮቻችን በአማርኛ የሚታተመውን በራሪ ወረቀትና ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ያውቀዋል፦ "ማራኪ"፣ "አስደናቂ"፣ "ዕፁብ ድንቅ"፣ "የቱሪስት መስህብ"። ተራራውን አንስተህ ሐይቅ ብታስገባበት አረፍተ ነገሩ ምንም አይጎዳም። ይህ ጽሑፍ ማንንም ከጭጋግ አያወጣም። ዌይንራይት ቀለሙን ነክሮ ቢያገኘው ኖሮ ከዳር እስከ ዳር ይሰርዘው ነበር።

የሚገርመው ቃል አጥተን አይደለም። አማርኛ ተራራን እንደ ሰው ገላ ነው የሚከፍለው፦ አናት አለው፣ ትከሻ አለው፣ ወገብ አለው፣ እግር አለው። ጉብታና ኮረብታ አንድ አይደሉም፤ ኮረብታና አምባ አንድ አይደሉም። አፋፍ የሚለውን ቃል ውሰዱ፤ ሜዳው አልቆ ገደሉ ሊጀምር ያለበት ያ ጠርዝ በአንድ ቃል ይባላል። ሸንተረር፣ ሰርጥ፣ ቋጥኝ፣ ጨፌ፣ ጓሳ። ገበሬው እነዚህን በየቀኑ ይላቸዋል፤ የበሬውን መጥፋት ሲናገር ከዌይንራይት ባላነሰ ጥራት "ከዋርካው በላይ፣ ከቋጥኙ በስተ ግራ፣ አፋፉ ሥር" ይልሃል። የመንገድ መሪ ፕሮዝ በአማርኛ አለ ማለት ነው፤ በቃል ነው ያለው፣ ወረቀት ላይ አልወረደም።

ዙርም ለኛ እንግዳ አይደለም። በንግሥ ቀን ታቦት ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ይዞራል። ዑደት ወዴትም አያደርስም፤ የሚዞሩትን ነገር ማክበር ነው። ሸለቆን በሸንተረር መዞር ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለኝም፤ ምንም ሳይወስዱ፣ ምንም ሳይገነቡ፣ አንድን ቦታ ከሁሉም በኩል ማየት ነው።

ከሁሉም ግን "ማዶ" የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። ከላይ እንዳልኩት በፌርፊልድ ዙር ላይ ከማዶ የሚታይህ የራስህ ቀን ነው፤ የሄድክበት ወይም የምትሄድበት። በጣም ያምራል፣ ብቸኛም ነው። በኛ አገር ማዶ ሌላ ነገር ነው። ማዶ ጭስ አለ፤ ማዶ ውሻ ይጮኻል፤ ማዶ ለማዶ እረኞች ይጣራሉ፣ መርዶም የምሥራችም ሸለቆውን ተሻግሮ ይመጣል። ማዶ ማለት የሚመልስልህ ሰው ያለበት ቦታ ነው። በአማርኛ የሚጻፍ የተራራ ዙር ከዌይንራይት መለየት ያለበት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ካርታውን እንደሱ በጥንቃቄ ይሥራ፤ ከፍታውን፣ ውሃውን፣ ገደሉን አይዋሽ። ግን ማዶውን ባዶ አያድርገው።

ይህን የምለው ጊዜው ቀላል ሆኖ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ከተጀመረ ወዲህ ስሜንን በሰላም መዞር ለብዙ ሰው ምኞት ሆኗል፤ በዚያ ጉዞ እንጀራቸውን ይበሉ የነበሩ አስጎብኚዎች፣ ስካውቶችና ባለበቅሎዎች ደጅ የሚመጣ እንግዳ አጥተዋል። መንገድ ሲዘጋ ግን መጻፍ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። እንዲያውም ከመንደራቸው ተነስተው ደባርቅ የገቡት የግጭ ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ፣ የትኛው ሸንተረር ማን ይባል እንደነበር፣ ወደ ገበያ በየት ይወረድ እንደነበር ጠይቆ መመዝገብ ዛሬ የሚቻል ሥራ ነው። የሚያስፈልገው ወንበር፣ ደብተርና ትዕግሥት ነው። ዌይንራይትም የተጠቀመው ከዚህ ብዙ የበለጠ አይደለም፤ የማዘጋጃ ቤት ሥራውን ጨርሶ፣ እራቱን በልቶ፣ ማታ ማታ 13 ዓመት ሙሉ ጻፈ። ደብተሩን ይዞ ደባርቅ የሚሄደው ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው የተራራ ስም ይሁን፤ ቀጥሎ ግን ያንን ስም የነገረውን ሰው ስም፣ ሰውየው ፈቃዱ ከሆነ፣ እዚያው ጎን ይጻፍልን።